ሥዕል የሌለው ካርቱን

ሄቪ ሜታል ሲባል ፊታችሁ የሚጠቁር ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ታገሡኝ፤ ስለ አንድ አልበም ላጫውታችሁ ነው። አልበሙ 30 ቁርጥራጭ ሙዚቃ አለው፤ ሁሉም ተደምረው 45 ደቂቃ አይሞሉም። ግጥም ብሎ ነገር የለውም፤ ዘፋኙ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ይንጫጫል እንጂ ዘፈን የሚባል ዘፈን አይዘፍንም። ከበሮውን የሚመታው በፍጥነቱ ዓለም ያወቀው፣ ስሌየር የተባለው የሜታል ባንድ ከበሮ መቺ ዴቭ ሎምባርዶ ነው። ይኼ ሁሉ ትርምስ የተቀዳው ከየት ይመስላችኋል? የአሜሪካ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ከሚያዩት ካርቱን!

አልበሙ «ሰስፔንድድ አኒሜሽን» ይባላል። ያወጣው ፋንቶማስ የተባለ የአሜሪካ ባንድ ነው፤ የወጣውም በፈረንጆቹ አፕሪል 2005። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።) ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል። እኔ የምከራከረው ግን የካርቱን ሙዚቃ ራሱ ከጥንትም የሄቪ ሜታል የሥጋ ዘመድ ነበር ብዬ ነው። ፋንቶማሶች ያደረጉት ድምፁን ማጉላትና ሥዕሉን መንጠቅ ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት ወደ ድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ልመልሳችሁ ግድ ይለኛል፤ አስቀድሜ ግን ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ።

ዘፋኙና የሙዚቃው ደራሲ ማይክ ፓተን ነው። ፌዝ ኖ ሞር የተባለው ባንድ በ1990 «ኤፒክ» በተሰኘ ዘፈኑ ዓለምን ሲያዳርስ ፊት ቆሞ የነበረው እሱ ነው። ያ ባንድ በ1998 ሲፈርስ ፓተን ሲያብላላው የኖረውን እብደት በናሙና ቀድቶ ለሦስት ሰዎች ላከ፦ ሜልቪንስ ለተባለው ባንድ ጊታሪስት ለበዝ ኦዝቦርን፣ ለቤዝ ተጫዋቹ ትሬቨር ደንና ለሎምባርዶ። ሎምባርዶ የኩባ ልጅ ነው፤ ሃቫና ነው የተወለደው። በ1986 ከስሌየር ጋር የተጫወተበት «ሬይን ኢን ብለድ» የተባለ አልበም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የሜታል ከበሮ የሚማር ሰው ግን እስከ ዛሬ ሳይሰማው አያልፍም።

ፓተንና ደን አብሮ አደጎች ናቸው፤ በሰሜን ካሊፎርኒያ ዩሪካ በምትባል ከተማ ነው ያደጉት። ገና ተማሪ ሳሉ በ1985 ከጓደኞቻቸው ጋር ሚስተር በንግል የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ሚስተር በንግል ማን መሰላችሁ? በ1960 አካባቢ ለአሜሪካ ተማሪ ቤቶች በተሠራ የሥነ ምግባር ፊልም ውስጥ የሚታይ አሻንጉሊት ነው። ምሳ ከመብላቱ በፊት እጁን አይታጠብም፣ ፀጉሩን አያበጥርም፣ ተራ አይጠብቅም። ፊልሙን ያየ ልጅ «እንደ በንግል አልሆንም» ብሎ እንዲነሣ ነበር የታሰበው። እነ ፓተን ስሙን ወስደው ባንድ አወጡበት። ለልጆች የተሠራ ነገር እነዚህ ሰዎች እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ፋንቶማስ ከካርቱኑ በፊት ሦስት አልበሞች አውጥቷል። የ1999ኙ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ በገጽ የተከፋፈለ ነው፤ የ2001ዱ የፊልም ሙዚቃዎችን በሜታል የፈጨ ነው፤ የ2004ቱ ከ70 ደቂቃ በላይ የሚሄድ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልን የሚያሳስብ አንድ ወጥ ሙዚቃ ነው። ስለ ሦስተኛው ሌላ ቀን እናወራለን፤ ከምግብ በፊት አይወራም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ።

ካርል ስታሊንግ በ1891 በሚዙሪ ግዛት ተወለደ። ወጣት ሳለ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሲኒማ ቤት ተቀጥሮ ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ፒያኖና ኦርጋን እየመታ ያጅብ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ ሸራው ላይ ሰው ሲያለቅስ የሚያስለቅስ ዜማ፣ ፈረስ ሲጋልብ የሚጋልብ ምት፣ ሌባ በመስኮት ሲገባ ቀስ እያለ የሚሾልክ ድምፅ። ፊልሙ ሳይቆም፣ እጁ ሳይቆም፣ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው መዝለል። እዚያው ካንሳስ ሲቲ ዋልት ዲዝኒ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀ። ዲዝኒ ድምፅ ያለው ካርቱን መሥራት ሲጀምር ስታሊንግን አስጠራው፤ በ1929 አጽሞች የሚጨፍሩበትን ዝነኛ አጭር ፊልም አብረው ሠሩ። በ1936 ስታሊንግ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ተሻገረ። ጡረታ እስከወጣበት እስከ 1958 ድረስም ለበግስ በኒ፣ ለዳፊ ዳክና ለዘመዶቻቸው ሙዚቃ ሲደርስ ኖረ። ወደ 600 ፊልም ይጠጋል፤ በሁለት ሳምንት አንድ አካባቢ ማለት ነው። ደግሞም በአንድ ፒያኖ ሳይሆን 50 ያህል ሰው ባለው የስቱዲዮ ኦርኬስትራ!

ስታሊንግ የሲኒማ ቤት ልማዱን አልተወም። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሸራው ላይ ብቅ ስትል ስለ ቀይ ለባሽ ሴት የተዘፈነ የዘመኑን ዘፈን ለጥቂት ሰከንድ ጣል ያደርጋል፤ ቀሚሷ ከመጥፋቱ ዜማው ጠፍቶ ሌላ ተተክቷል። ቫዮሊኑ በለሆሳስ ይጀምራል፣ ትሮምቦኑ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ሁሉም ጭጭ ይላል፣ ዛይሎፎኑ አራት ጊዜ ኮቴ ያሰማል፣ ከዚያ ኦርኬስትራው በሙሉ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ በ10 ሰከንድ ውስጥ ነው። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሙዚቃ ያቀረበ ደራሲ በድንጋይ ይባረር ነበር። ሥዕሉ ስላለ ግን ማንም ግራ አልተጋባም፤ ጆሮ ዓይንን ተከትሎ ይሄዳል።

50 ሰው እንዲህ በሚዘል ሙዚቃ ላይ እንዴት አብሮ ይቆማል? እዚህ ላይ ነው ብልሃቱ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል፤ በደቂቃ 1,440 መሆኑ ነው። ሙዚቀኞቹ በጆሮ ማዳመጫ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀጭታው የሚመጣው በተወሰነ የምስል ቁጥር ልክ ነው። በየ12 ምስሉ አንድ ቀጭ ካለ በደቂቃ 120 ምት ይሆናል፤ ይህ የወታደር ሰልፍ እርምጃ ነው። በየ8 ምስሉ ከሆነ 180 ይሆናል፤ ይህ ድመት አይጥ የሚያሳድድበት ፍጥነት ነው። ወደ 7 ምስል ዝቅ ብትሉ ከ200 ታልፋላችሁ፤ ያን ጊዜ ስሌየር ሰፈር ገብታችኋል። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት አዘጋጁ ምቱን በወረቀት ላይ ይወስናል፤ ድመቷ በስንተኛው ምት እንደምትዘል፣ የአንጥረኛው መስፍ በስንተኛው ምት አናቷ ላይ እንደሚወርድ ይጻፋል። ስለዚህ ካርቱን ውስጥ ዱላው ራሱ በምት ነው የሚያርፈው። ከበሮ መቺ የሆናችሁ ይህን ስትሰሙ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ።

አንድ ሌላ ሰው ልጨምርላችሁ፤ ሬይመንድ ስኮት። ብሩክሊን ተወልዶ በ1937 «ፓወርሃውስ» የተባለ ሙዚቃ የደረሰ ሰው ነው። የሙዚቃው መካከል ላይ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ዕቃ እየደቆሰ ሲሄድ የምትሰሙ የሚመስላችሁ፣ ከባድና ድርቅ ያለ ተደጋጋሚ ምት አለ። ዋርነር ብራዘርስ በ1943 የስኮትን ሥራዎች መብት ሲገዛ ስታሊንግ እጁ ላይ ወደቀለት፤ ከዚያ በኋላ ማሽን፣ ፋብሪካ ወይም የማይቆም ነገር ሲመጣ ያንን ምት ያመጣል። ስኮት ራሱ ግን አንድም ጊዜ ለካርቱን ብሎ ሙዚቃ አልደረሰም። ያንን ክፍል በዲስቶርሽን ጊታር ብትጫወቱት ማንም ሰው ሜታል ነው ይላችኋል።

ቶምና ጄሪን አይቶ የማያውቅ ከመካከላችሁ ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? የነሱ ሙዚቃ ደራሲ ሌላ ሰው ነው፤ የኤምጂኤም ስቱዲዮው ስኮት ብራድሊ። ብራድሊ ከስታሊንግ ይልቅ የተማረ ሙዚቀኛ መምሰል የሚወድ ሰው ነበር፤ ጨዋታውን ያከበደው እሱ ነው። በ1944 ቶም የውሻ ጭንቅላት ደፍቶ ውሻ መካከል በሚገባበት ፊልም ላይ ብራድሊ የሙዚቃ ደራሲውን የአርኖልድ ሾንበርግን የ12 ድምፅ ስልት ተጠቀመ። ይህ ስልት ምን መሰላችሁ? የኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ሲዞር ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ቤት አለው። የሾንበርግ ስልት ግን 12ቱንም ድምፅ አንዱን ከአንዱ ሳያበልጥ ያሰልፋቸዋል፤ ማረፊያ ቤት የለውም። ይህን ስልት የሰማ የኮንሰርት ታዳሚ ብዙ ጊዜ ተቆጥቷል፤ ያንኑ ስልት የሰማ ሕፃን ልጅ ግን ተንከትክቶ ስቋል፤ ምክንያቱም አይጥ ውሻ ጭንቅላት ውስጥ ገብታ እየሮጠች ነዋ!

የብራድሊ ችሎታ በደንብ የሚታየው ኦስካር ባገኘው የ1947ቱ «ዘ ካት ኮንቸርቶ» ነው። ቶም ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጉሮሮውን ቀና አድርጎ ወደ ፒያኖው ይመጣል። ይቀመጣል፤ ጭብጨባው ጸጥ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛውን የሀንጋሪ ራፕሶዲ በከባዱ ይጀምራል። ጄሪ ፒያኖው ውስጥ መዶሻዎቹ ላይ ተኝታለች። ቶም ቁልፉን በነካ ቁጥር መዶሻው ይነሣል፣ ጄሪ ትነጥራለች፤ የጄሪ መንጠር በሊስት ዜማ ልክ ነው። ቶም በአንድ እጁ ዜማውን ሳያቋርጥ በሌላው ይመታታል፤ ምቱም ከዜማው አይወጣም። ከቁልፎቹ ሥር ስትሮጥ ቁልፎቹ በተራ ይነሣሉ፤ ያም ቢሆን ሙዚቃ ነው። በመጨረሻ ቶም ልብሱ ተበጣጥሶ ሲዘረር ጭብጨባውን የምትቀበለው ጄሪ ናት። በ7 ደቂቃ ፊልም ውስጥ አንድ ቃል አልተነገረም፤ ያልገባው ሰው ግን የለም።

እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለቴሌቪዥን አልነበረም፤ ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት የሚታዩ ነበሩ። በ1950ዎቹ ስቱዲዮዎቹ የድሮ ካርቱኖቻቸውን ለቴሌቪዥን መሸጥ ጀመሩ። በግስ በኒ በ1960 የራሱን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አገኘ፤ ቶምና ጄሪ በ1965 የቅዳሜ ጠዋት ተረኞች ሆኑ። ፓተን የተወለደው በ1968 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በ1970ዎቹ ያደገ የአሜሪካ ልጅ ሮክ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ገና፣ በየሳምንቱ ለሰዓታት የሚሰማው ሙዚቃ በየአምስት ሰከንዱ የሚለወጠው የስታሊንግና የብራድሊ የ1940ዎቹ ኦርኬስትራ ነበር። ጆሮው የተገራው በዚያ ነው።

ታሪኩን ሙሉ የሚያደርገው ጆን ዞርን ነው። ይህ የኒው ዮርክ ሳክስፎን ተጫዋች ስታሊንግ ከታላላቅ ደራሲዎች ተርታ ሊቆጠር ይገባል ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። በ1990 የስታሊንግ ሙዚቃ ያለ ሥዕል፣ ያለ ንግግር ለብቻው በሲዲ ሲታተም ሰዉ ጉድ አለ፤ ሥዕሉ ሲነሣ የቀረው ነገር ከየትኛውም የዘመኑ ሙዚቃ በላይ ያበደ ነበር። ዞርን በዚያው ሰሞን ኔኬድ ሲቲ ከተባለው ባንዱ ጋር ጃዝና ሜታልን እያጋጨ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ የሚለዋወጥ ሙዚቃ ይጫወት ነበር። የ1991ዱን የመጀመሪያ የሚስተር በንግል አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዞርን! ከካንሳስ ሲቲ ሲኒማ ቤት እስከ ፓተን ያለው መንገድ እንግዲህ ይኸው ነው።

አሁን አልበሙን እንክፈተው። ጊታሩ፣ ቤዙና ከበሮው በአንድ ላይ እንደ ጡብ ይወረወራሉ፤ ሁለት ሰከንድ፤ ቀጥ። የመጫወቻ ደወል ይሰማል። ፓተን አፉ ውስጥ የሆነ ነገር ያላምጣል። ጡቡ ይመለሳል፤ አሁን ሦስት ጊዜ። ከአንድ ካርቱን የተቆረጠ ድምፅ ጣል ይላል፤ ለስለስ ያለ ዜማ ሊጀምር ሲል ሎምባርዶ በሁለት እግሩ ይወርድበታል። ያኔ አለቀ፤ ቀጣዩ ትራክ ገብቷል። አንድ ዜማ ይዛችሁ ማንጎራጎር አትችሉም። መጀመሪያ ሲሰማ የተበላሸ ነገር ይመስላል፤ ደግማችሁ ስትሰሙት ግን አራቱ ሰዎች አንዲት ምት እንኳ እንዳልሳቱ ይገባችኋል። ለዚህ ሥራ ከሎምባርዶ የተሻለ ሰው ይኖር ነበር ብዬ አላስብም። ፈጥኖ የሚመታ ሞልቷል፤ እሱ ግን ከዚያ ፍጥነት ላይ በቅጽበት ቆሞ፣ ሲምባሉን በእጁ አፍኖ፣ ዝም ማለትን ያውቅበታል። ካርቱንም ቢሆን የሚያስቀው በዝምታው ነው፤ ድመቷ ከገደሉ ጫፍ አልፋ አየር ላይ የምትቆምባትን ያቺን ቅጽበት አስቧት።

ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው። ካርቱን ስናይ ድምፁ የሥዕሉ አገልጋይ ነው። ፋንቶማስ ሥዕሉን ስለወሰደብን ድመቷን የምንሥላት እኛው ነን። ማን ማንን እንዳሳደደ፣ ምን እንደወደቀ፣ ማን እንደተጨፈለቀ ጆሮ ይፈጥራል። በካርቱን ማንም አይሞትም፤ መስፍ የወረደበት ተጣጥፎ ይነሣል። ሜታልም እንደዚያው ነው፤ መድረኩ ላይ እልቂት ነው የሚወራው፣ ሰዉ ግን ላቡን ጠርጎ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ዝምድና እነ ፓተን ቀድመው አይተውታል እላለሁ።

ስለ ቀን መቁጠሪያው ሳልነግራችሁ! 30ዎቹ ትራኮች ስም የላቸውም፤ የየራሳቸው ቀን ነው ያላቸው፤ ከዓርብ አፕሪል 1 ቀን 2005 እስከ ቅዳሜ አፕሪል 30። የመጀመሪያው ፈረንጆች ውሸት ተናግረው የሚሳሳቁበት ዕለት ነው፤ የቀሩትም እያንዳንዳቸው ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቃቸው የአሜሪካ ክብረ ቀናት ተሰጥተዋቸዋል። አልበሙ በልዩ እትም ሲወጣ የወሩን ቀን መቁጠሪያ ይዞ ነው፤ ሥዕሎቹን የሠራው ጃፓናዊው ዮሺቶሞ ናራ ነው። የናራን ልጆች ታውቋቸው ይሆናል፤ ጭንቅላታቸው ትልልቅ፣ ዓይናቸው የተቆጣ፣ አንዳንዴም ቢላ የጨበጡ ትንንሽ ሴት ልጆች። ከሙዚቃው ጋር በልክ የተሰፋ ነው።

በነገራችን ላይ ለየቀኑ በዓል መስጠት ለኛ ምንም አይደንቀን። ወሩን ወደኛ ብትመልሱት ከመጋቢት 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ይጀምራል፤ ጊዮርጊስ ነው። የሚያልቀው ሚያዝያ 22 ነው፤ በዚያ ዓመት ቀዳም ሥዑር የዋለው በዚሁ ዕለት ነበር። አልበሙ ሙሉ በሙሉ ሁዳዴ ጾም ውስጥ ነው የወደቀው! ፓተን ይህን ቢሰማ አንድ ትራክ ይጨምርልን ነበር።

ከልጅነት ቴሌቪዥን ሜታል የሠሩት እነሱ ብቻ አይደሉም። ጃፓን ውስጥ አኒሜታል የተባለ ባንድ ከ1996 ጀምሮ የአኒሜ መክፈቻ ዘፈኖችን እያያያዘ ያለማቋረጥ ይጫወት ነበር። የቦስተኑ ፓወርግሎቭ በ2010 «ሳተርደይ ሞርኒንግ አፖካሊፕስ» ብሎ የባትማንን፣ የሲምፕሰንስንና የሌሎችንም መክፈቻ በጊታር አጋግሎ አወጣ። ሁለቱም ያዝናናሉ፤ በተለይ መኪና ውስጥ። ግን እነሱ የሚወስዱት ሁሉም የሚያውቀውን መዝሙር ነው፤ ዜማው ሲመጣ «አዎ፣ ይኼን አውቀዋለሁ!» ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ እዚያው ያበቃል። ፋንቶማስ የወሰደው ዜማውን አይደለም፤ ማባረሩን፣ መውደቁን፣ መደንገጡን ነው። እኔ ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ አላመነታም።

መስማት ለምትፈልጉ ምክሬ ይኸው። በቀጥታ አልበሙን አትክፈቱት፤ ትጠሉታላችሁ። መጀመሪያ «ዘ ካት ኮንቸርቶ»ን እዩት፤ ቀጥሎ ድጋሚ ክፈቱትና ፊታችሁን ከስክሪኑ አዙራችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ከዚያ ከስታሊንግ ሲዲ ሁለት ሦስት ቁራጭ ጨምሩበት። ያን ጊዜ ወደ ፋንቶማስ እለፉ፤ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፣ በተለይ ቤት ውስጥ የሚያንቀላፋ ሕፃን ወይም አማት ካለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ሳታቋርጡ ቢያንስ እስከ አሥረኛው ሂዱ፤ አንድ ትራክ ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። ጩኸቱ አልሆን ካላችሁ ግዴለም፣ አጥፉት፤ ካርል ስታሊንግን ግን ሳትሰሙ እንዳትቀሩ።